ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ሰሊጡ ሳይረግፍ
(ትልቁን አፕዴት መቼ እንጫን?)

በቆላዋ የሳንጃ ከተማ ዙሪያ ሰሊጥ የዘራ ገበሬ ጥቅምት ሲጠባ ዓይኑን ከማሳው አያነሣም። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ማጨጃው ደርሷል። ከዚያ በፊት ካጨደ ፍሬው አይሞላም፣ ሚዛንም አያነሣም። ከዘገየ ደግሞ የፍሬው መያዣ ደርቆ ይሰነጠቅና የክረምቱ ልፋት መሬት ላይ ይፈሳል። በሁለቱ ጥፋቶች መካከል ያሉት ቀናት ጥቂት ናቸው። ገበሬው እነዚያን ቀናት የሚለየው ማሳው ውስጥ ገብቶ፣ ዘለላውን በእጁ ዳብሶ ነው።

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን፣ ገበሬው ማጭዱን ይዞ ማሳው ላይ ሳለ፣ በጽሕፈት ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በወረዳ ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ ሌላ ቀነ ገደብ ድምፅ ሳያሰማ አለፈ። ማይክሮሶፍት ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ላወጣው ዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደህንነት ጥገና በዚያ ቀን አበቃ። ኮምፒውተሮቹ በማግስቱ እንደ ወትሮው ተነሡ። ማመልከቻ ተጻፈባቸው፣ ውል ታተመባቸው፣ የተማሪ ውጤት ተመዘገበባቸው። ለውጡ በዓይን የሚታይ ስላልነበረ ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ኮምፒውተር በመጠገን የተወሰነ ጊዜ ያሳለፈ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ «ጋሼ፣ ይኼን አፕዴት ልጫነው ወይስ ይቅርብኝ?» እኔም ለዓመታት «ጫኚው» ወይም «ተዪው» እያልኩ ባጭሩ ስመልስ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ትክክለኛው መልስ ቀን መሆኑን ተረድቻለሁ። የሚጫን ከሆነ መቼ? የሚቆይ ከሆነ እስከ መቼ? ይህ ምዕራፍ ያንን ቀን እንዴት መምረጥ እንደሚቻል ያሳያል።

ጣሪያ መድፈንና ቤት መቀየር

በመጀመሪያ በአንድ ስም የሚጠሩትን ሁለት ነገሮች እንለይ። ሁለቱም «አፕዴት» ይባላሉ፣ ሁለቱም በአንድ መስኮት ይመጣሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

አንደኛው ትንሹ ነው። ማይክሮሶፍት በየአውሮፓውያኑ ወር በሁለተኛው ማክሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ምሽት ላይ፣ የተገኙ ቀዳዳዎችን የሚደፍን ጥገና ያወጣል። ይህ የሚያፈስ ጣሪያን እንደ መድፈን ነው። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ዕቃው ከቦታው አይነቃነቅም።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሸጋገር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ትልቅ እትም መቀበል የዚህ ወገን ነው። ይህ ቤት እንደ መቀየር ነው። አልጋው በበሩ ይገባ እንደሆነ፣ ምድጃው ቦታ ያገኝ እንደሆነ አስቀድሞ መታየት አለበት። ፕሪንተሩ፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ከአዲሱ ቤት ጋር መስማማታቸው የሚታወቀው ከገቡ በኋላ ነው።

የብዙ ሰው ስሕተት የሚጀምረው ሁለቱን በአንድ ሕግ ሲገዛ ነው። ትልቁን ፈርቶ ትንሹንም ይዘጋል፤ ወይም ትንሹን እንደለመደ ትልቁንም ሳያስብ ይቀበላል። ከዓለም ታሪክ ሁለት ቀኖች የሁለቱንም ስሕተት ዋጋ ያሳያሉ።

አራት ቀንና 59 ቀን

መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን አዲስ ትልቅ እትም ለቀቀ። ቁጥሩ 1809 ይባላል። ቸኩለው የጫኑ አንዳንድ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ሰነዶቻቸውና ፎቶዎቻቸው የሉም። ምክንያቱ ኋላ ታወቀ። የሰነድ ማስቀመጫቸውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛወሩና በቀድሞው ቦታ ጥቂት ፋይል የተዉ ሰዎች ነበሩ፤ አዲሱ እትም የቀድሞውን ቦታ ባዶ ትርፍ አድርጎ ቆጠረና ከነያዘው ሰረዘው። ጉዳቱ የደረሰባቸው ከጠቅላላው ተጠቃሚ በጣም ጥቂት ነበሩ። ፋይሉ ለጠፋበት ሰው ግን ጥቂትነቱ መጽናኛ አይሆነውም። ኩባንያው መስከረም 26 ቀን፣ በተለቀቀ በአራተኛው ቀን፣ ሥርጭቱን አቆመ። ታርሞ እንደገና የወጣው ኅዳር 4 ቀን ነው። አንድ ሳምንት የታገሠ ሰው ከዚህ ጉዳት ሁሉ ዳነ።

ሁለተኛው ታሪክ ተቃራኒው ነው። መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ክፍል ውስጥ የተገኘ ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና አወጣ። በ59ኛው ቀን፣ ግንቦት 4፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገባ። ፋይሎችን ቆልፎ መክፈቻውን በገንዘብ የሚሸጥ ቫይረስ ነበር። ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ቀጠሮዎች ተሰረዙ፣ ድንገተኛ ሕመምተኞች ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩ። ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ መድኃኒታቸው ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

ጥገና ከወጣ በኋላ መዘግየት ለምን ይህን ያህል ያስፈራል? ጥገናው ራሱ ቀዳዳውን ስለሚያሳውቅ ነው። ክፉ ሐሳብ ያለው ባለሙያ የቀድሞውንና የአዲሱን ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ይፈልጋል። የተለወጠው ቦታ ቀዳዳው የነበረበት ቦታ ነው። ጎረቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ ቢኖራቸውና አንዱ «ይህ ቁልፍ በሚስማር ይከፈታል» ብሎ ቢቀይር፣ ያልቀየሩት ከትናንት ይልቅ ዛሬ ለሌባ የተጋለጡ ይሆናሉ። ስለዚህ ትንሹ አፕዴት የሚዘገየው ለጥቂት ቀናት እንጂ ለወራት አይደለም። ዊንዶውስም ራሱ አፕዴትን ለአምስት ሳምንት ያህል ለማቆየት ይፈቅዳል። ያን ጊዜ ለፈተና ወይም ለሪፖርት ሳምንት መጠቀም ተገቢ ነው፤ አሟጦ መጠቀም ግን ልማድ ሊሆን አይገባም።

ትልቁን አፕዴት በተመለከተ ደግሞ ሠሪዎቹ ራሳቸው መታገሥን ያስተምራሉ። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ረጅም ድጋፍ ያለው እትሙን በየሁለት ዓመቱ ያወጣል። የ24.04 እትም የወጣው በአውሮፓውያን ሚያዝያ 2024 ነው። ከቀድሞው ረጅም እትም ለሚመጡ ተጠቃሚዎች ግን ሽግግሩ ወዲያው አይቀርብላቸውም፤ የመጀመሪያው የታረመ እትም እስኪወጣ፣ ማለትም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ፣ ይጠበቃል። የሠሩት ሰዎች አራት ወር ከጠበቁ፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያላት የጽሕፈት ቤት ባለቤት ብትጠብቅ ፍርሃት ሊባል አይችልም።

ትልቅ ተቋምም ይሳሳታል

«ይህ የእኛ የትንንሾቹ ችግር ነው» የሚል ካለ፣ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ያስታውስ። በዚያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ በኤቲኤምና በሞባይል ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተዛመተ፤ በኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ችግሩ የተፈጠረው በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ላይ መሆኑን ገለጸ። ያላግባብ ወጣ የተባለው ገንዘብም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር።

ያ የባንክ ሲስተም ከጠረጴዛችን ዊንዶውስ ጋር አንድ አይደለም። ሁለት ትምህርት ግን ለሁለቱም ይሠራል። አንደኛው፣ ባለሙያ በሞላበት ተቋምም ቢሆን ማሻሻያ የሚነካው ሲስተም የሚናጋበት ሰዓት ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅመናል፦ ባንኩ እያንዳንዱን ወጪ በባለቤቱ ስም ለይቶ «መልሱ» ማለት የቻለው መዝገቡ ስላልጠፋ ነው። ስሕተቱ ከባድ ነበር፤ የመመለሻው መንገድ ግን አልተዘጋም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን ክራውድስትራይክ የተባለ የደህንነት ኩባንያ የተበላሸ ማሻሻያ ለደንበኞቹ ላከ። ስሕተቱን በ78 ደቂቃ ውስጥ አረመው። እስከዚያ ግን 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወድቀው ነበር፤ ብዙዎቹም አንድ በአንድ በሰው እጅ መነሣት ነበረባቸው። አምስት ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ከዚህ የሚማረው ቀላል ነው፦ በአንዱ ይጀምር፣ አንድ ሳምንት ይይ፣ ከዚያ ወደ አራቱ ይሂድ።

ፊደላችን በሽግግር ላይ

ለእኛ ትልቁ አፕዴት ሌሎች የማያውቁት አንድ ተጨማሪ ሥጋት አለው፤ እሱም ፊደላችን ነው።

ከዓመታት በፊት ጎንደር ውስጥ የአንድ ወዳጄን ላፕቶፕ ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ 10 ጫንኩለት። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ፋይሉን በፍላሽ አስቀምጬ ስለነበር ልቤ ሙሉ ነበር። ስንከፍተው ቃሉ ሁሉ አለ፣ መልኩ ግን ሌላ ሆኗል። መስመሮቹ ተገፍተዋል፣ ሰንጠረዦቹ በሁለት ገጽ ተከፍለዋል፣ ማውጫው የሚጠቁመው ገጽና እውነተኛው ገጽ አይገናኙም። ሌሊቱን አብረን አስተካክለን አደርን። ያን ሌሊት ያስከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑን አለመምረጤ ዛሬም ይጸጽተኛል።

የሆነው ይህ ነው። ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ፣ ስሙን ከአገራችን ደጋ እንስሳ የወሰደው፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። በዊንዶውስ 10 ግን ወደ ተጨማሪ አማራጭ ክፍል ተዛወረ። አዲስ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ለብቻው ከኢንተርኔት ካልወረደ አይገኝም። ኢብሪማ የተባለው ቅርጽ ይተካውና አማርኛው ይነበባል፤ ነገር ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ገጹ ይናጋል።

ከዚህ የባሰው የቆየው ሰነድ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ቁጥር ውስጥ የገባው በአውሮፓውያን 1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እየደረቡ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ውል ወይም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የራሱ የፊደል ፋይል ከሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ቁልፉ ነው የጠፋው። ስለዚህ ከትልቁ አፕዴት በፊት የፊደሎቹን ፋይሎችና የመጻፊያ ፕሮግራሙን መጫኛ ከሰነዶቹ ጋር አብሮ ማስቀመጥ ግድ ነው። ዋና ዋና ሰነዶችን ደግሞ በፒዲኤፍ ማስቀረት ይበጃል፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ይጓዛልና።

ማሽኑ ይችላል ወይ?

ላፕቶፕ ስንገዛ ሁላችንም «ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ዊንዶውስ 11 ሲመጣ ይህ ጥያቄ የዕድሜ ጥያቄ ሆነ። ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለ ኮምፒውተር፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይፈቀድለትም። ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ ይፈለጋል። በተግባር ደግሞ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ተነሥቶ ይሄዳል እንጂ አይሮጥም።

ታዲያ በ6ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ምን ያድርግ? ሦስት መንገድ አለው። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የከፈተውን የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጥገና ቢያስመዘግብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ፋታ ያገኛል። ሥራው ጽሑፍና ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ፣ ሊኑክስን በፍላሽ አስነሥቶ ሳይጭን መሞከር ይችላል። ካልሆነም ማሽኑን ለጽሕፈት ብቻ ለይቶ የባንክና የኢሜይል ሥራውን ወደ ሌላ ያዛውር። ፍተሻውን በዘዴ አልፎ ዊንዶውስ 11ን በግድ መጫን በመንደሩ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን ማይክሮሶፍት የወደፊት አፕዴት ዋስትና አይሰጥም። ጣሪያው ዝናብ ሲመጣ የሚደፈን መሆኑ የማይታወቅ ቤት ገብቶ እንደ መኖር ነው።

ስለ ክራክም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፈቃድ ማለፊያ ተብለው በፍላሽ ከሚዞሩት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚጀምሩት ጸረ ቫይረሱን በማስጠፋት ነው። በሩን ከፍቶ ለማያውቀው ሰው ቤቱን የሚያስረክብ ሰው ስለ አፕዴት ቀን ቢጨነቅ ምን ይጠቅመዋል?

ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተርም ከአደጋ ነጻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ አፕዴትም አብሮ ቀረ። የደንበኛ ፍላሽ ግን በየቀኑ ይሰካ ነበር። ስለዚህ መስመር ባለ ጊዜ የትልቁን እትም መጫኛ ፋይል በፍላሽ አውርዶ መያዝ ከጥሬ እህል ያልተናነሰ ስንቅ ነው። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ፓኬጅ ከማውረድ፣ ጎንደር የሚሄድ ሰው በዋይፋይ አውርዶ ቢያመጣው ወጪው ይቀላል። በሞባይል መስመር የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ መስመሩን «ሚተርድ» ብሎ መመዝገብ አፕዴቱ ሳይጠይቅ ፓኬጁን እንዳይጨርስ ያደርጋል።

የመመለሻው አሥር ቀን

ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ፋይሎችን ሳያጠፉ የተሸጋገሩ ሰዎች የማያውቁት አንድ ስጦታ አለ። የቀድሞው ሲስተም ወዲያው አይሰረዝም፤ ለ10 ቀን በጓዳ ይቀመጣል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ «ሪከቨሪ» ከሚለው ክፍል ገብቶ «ጎ ባክ» ማለት ወደ ቀድሞው ይመልሳል። በ11ኛው ቀን መንገዱ ይዘጋል።

ስለዚህ እነዚያ አሥር ቀናት የፈተና ቀናት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ፕሪንተሩ ያትም። ፎቶ ኮፒና ስካነሩ ይሞከር። የቆየ የአማርኛ ሰነድ ይከፈት። የሒሳብ ፕሮግራሙ ያለፈውን ወር ያሳይ። ኮምፒውተሩ ሲሞቅና ሲቆይ እንዴት እንደሚሆን ይታይ። አንድ ነገር ካልሠራ፣ መፍትሔ ፍለጋ ሁለት ሳምንት ከማጥፋት በአምስተኛው ቀን መመለስ ይሻላል።

ሆኖም ይህ ስጦታ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂን አይተካም። በ1809 ፋይላቸው የተሰረዘባቸው ሰዎች ወደ ቀድሞው ሲስተም መመለስ ብቻ ሰነዳቸውን አይመልስላቸውም ነበር። ቅጂ ማለት ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ በኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ ተነቅሎ የተቀመጠ ማለት ነው። እዚያው ዲስክ ላይ «ዲ» ወደሚለው ክፍል የተገለበጠ ፋይል ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

የሳንጃ ወቅት

አሁን ቀኑን እንምረጥ። ሳንጃ ከጎንደር በስተሰሜን 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። መብራት ይሄዳል፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ማሽን ቢበላሽ ሲፒዩውን ጠቅልሎ ጎንደር መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ የቀን ምርጫው አዲስ አበባ ካለ ቢሮ ይልቅ እዚህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ይበልጥም ያስፈልጋል።

የማይነኩትን ወራት በመጀመሪያ እናውጣ። ሰኔ የበጀት መዝጊያና የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ ነው። መስከረም ምዝገባ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሰሊጡ ይታጨዳል፣ ይሸጣል፤ ውልና ደረሰኝ ይበዛል። ጥር የሠርግ መጥሪያ ይታተማል። ሐምሌና ነሐሴ ሥራ ቢቀዘቅዝም ነጎድጓድና የመብራት መቆራረጥ አለ። የጤና ተቋም ደግሞ ወርሃዊ ሪፖርቱ በ20 ስለሚዘጋ ከዚያ ቀን አካባቢ መራቅ አለበት።

ከሚቀሩት ወራት የሚሻለው ዐቢይ ጾም ነው። ሠርግ የለም፣ የሰሊጡ ግርግር አልፏል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አሁን ይህን ከዊንዶውስ የቀን መቁጠሪያ ጋር እናስተያየው። ዊንዶውስ 11 ራሱ የወጣው መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። 24 ኤች 2 የተባለው እትም መስከረም 21 ቀን 2017፣ 25 ኤች 2 ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ወጡ። ለቤትና ለአነስተኛ ሥራ የሚሆኑት እትሞች እያንዳንዳቸው ሁለት ዓመት ይደገፋሉ። በመስከረም የወጣው እትም እስከ የካቲት ወይም መጋቢት ቢቆይ አምስት ወር ገደማ የሌሎችን ፈተና አልፏል፤ የድጋፍ ዘመኑ ግን ገና ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይቀረዋል። የሳንጃ የሥራ እረፍትና የአዲሱ እትም መብሰያ በአንድ ወር ላይ ይገጥማሉ።

የመጫኛው ዕለት ራሱም ይመረጥ። ማለዳ ሙቀቱ ሳይበረታ ይጀመር፤ የላፕቶፑ ማራገቢያ አቧራው ተጠርጎ፣ ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ። የድሮው ዲስክ ላይ ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል የደቂቃዎች ዕድሜ ያለው ዩፒኤስ ለዴስክቶፕ አይበቃም፤ ጀነሬተር ያለበት ቦታ ይሻላል። ቀኑ ደግሞ ሰኞ ባይሆን፤ ሁለት ቀን ፋታ ያለበት ዐርብ ይሁን።

ትንሹ አፕዴት ግን ዐቢይ ጾምን አይጠብቅም። በወጣ ሳምንት ይጫን። የዊንዶውስ 10 ባለቤትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላለፈ ሰሊጡ መርገፍ የጀመረ ማሳ ላይ ቆሟል፤ ዐቢይ ጾም የሚሰጠው ሰፊ ዕድል ሊያመልጠው አይገባም።

ገበሬው ከማጨዱ በፊት ማሳውን ዞሮ ያያል፣ ነዶውን የሚያቆምበትን ቦታ ያዘጋጃል፣ የሚረዱትን ሰዎች ይጠራል። ያን ሁሉ ካደረገ በኋላ ማጭዱን ለማንሣት አያመነታም። እኛም ቅጂው ዲስኩ ላይ መሆኑን፣ ፊደሎቹ በፍላሹ መያዛቸውን፣ ባትሪው መሙላቱን ካየን በኋላ «ኢንስቶል» የሚለውን እንጫን። ከዚያ በኋላ አሥር ቀን አለን።